ሊጡ ኩፍ እስኪል



ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ውላችሁ፣ ታክሲ ተሰልፋችሁ፣ ስለ ዳቦና ስለ ዳንቴል ለመስማት እዚህ ድረስ መጥታችኋል። ከልብ አመሰግናለሁ። ከመካከላችሁ በብዙዎቹ ቤት የተጀመረ የእጅ ሥራ እንዳለ አውቃለሁ፤ ያውም አንድ ብቻ አይደለም። ኪሮሹ እንደተሰካበት የከረመ ዳንቴል አለ፤ እጅጌው ያልተገጠመ የልጅ ሹራብ አለ፤ ጠርዙ ያልተዘጋ ሰፌድ አለ። በዚያ ላይ ለበዓል ድፎ ይደፋል፣ ለልጆች ቁርስ ዳቦ ይጋገራል፣ ለመንገደኛ ዳቦ ቆሎ ይሰናዳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከመሥሪያ ቤት፣ ከሱቅ ወይም ከትምህርት በተረፈች ሰዓት ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚያች ሰዓት ነው፤ ብዙ ሥራ አብሮ ይዞ አንዱንም ሳይበድሉ ስለማድረስ።

ይህን ርእስ ባነሣሁ ቁጥር አንድ ተረት ይጠቀስልኛል። «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» እባላለሁ። ተረቱ እውነት ነው፤ የሚጠቀስበት ቦታ ግን ሁልጊዜ ቦታው አይደለም። ሁለቱም ዛፎች የሚፈልጉት እግር ነው፤ ሰው የማይችለውም ለዚህ ነው። የተቦካ ሊጥ ግን እግርም እጅም አይፈልግም። አንዴ ከተቦካና ከተከደነ በኋላ የሚፈልገው ሰዓት ብቻ ነው። ዳንቴል ደግሞ እጅና ዓይን ይፈልጋል እንጂ እሳት አይፈልግም። እነዚህን ሁለቱን አብሮ መያዝ ሁለት ዛፍ መውጣት አይባልም። ሁለት ዛፍ መውጣት የሚሆነው አዲስ የዳንቴል ንድፍና አዲስ የሹራብ ንድፍ በአንድ ሳምንት የተጀመሩ እንደሆነ ነው። ሁለቱም ቆጠራ ይፈልጋሉ፤ የሚቆጥረው ጭንቅላት ግን አንድ ነው።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው፤ ትርፍ ጊዜያችንን የሚያባክነው የሥራው ብዛት ሳይሆን አንድ ዓይነት ነገር የሚጠይቁ ሥራዎችን መደራረባችን ነው። ጥበቃ የሚፈልገው ጥበቃ ከማይፈልገው ጋር ከተጣመረ፣ ቆጠራ የሚፈልገው እጅ ብቻ ከሚፈልገው ጋር ከተጣመረ፣ አንድ ቅዳሜ የሦስት ቅዳሜ ያህል ታሠራለች።

ይህ ከእኔ የመጣ ነገር አይደለም። እናቶቻችን ሳምንቱን እንዴት ይይዙት እንደነበር አስቡ። ጤፉ በእርሾ ተቦክቶ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል። ከዚያ ከላይ ያቀረረው ውሃ ይቀዳል፤ ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፤ ተመልሶ ከተደባለቀ በኋላ ኩፍ እስኪል ደግሞ ይጠበቃል። በነዚያ ቀናት ቡኾው አጠገብ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ጠላው ጥንስስ ላይ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ ጌሾው ሥራውን ይሠራል፣ ሰውም ሥራውን ይሠራል። በመሀል እንዝርቱ ይነሣል።

ፈትልን ቀረብ ብላችሁ አይታችሁት ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ጥጡ ተዳምጦ ፍሬው ወጥቷል፣ በደጋን ተነድፎ ባዘቶ ሆኗል፣ ባዘቶውም ተጠቅልሎ አመልማሎ ሆኗል። ይህ ድካሙ ነው፤ ተቀምጦ ሙሉ ልብ ይጠይቃል። መፍተሉ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። እናቴ እንዝርቷን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቃለች፤ ግራ እጇ አመልማሎውን ወደ ላይ ይዞ ይሄዳል፤ ክሩ በሁለት ጣቶቿ መካከል እየቀጠነ ይወርዳል። ዓይኗ ግን ጀበናው ላይ ነው። ክሩ ወፍሮ እንደሆነ የሚነግራት ጣቷ ነው፤ ማየት አያስፈልጋትም። ቡናው ሲገነፍል እንዝርቱን ታስቀምጣለች፤ ስትመለስ ካቆመችበት ትቀጥላለች። ምንም የሚጠፋ ቁጥር የለም። ፈትል ከቡና፣ ከጨዋታ፣ ከምጣድ ጋር ተስማምቶ የኖረው ለዚህ ነው።

ስፌት ላይ ደግሞ እዚያው አንድ ሥራ ውስጥ ሁለቱም ዓይነት አለ። የሰፌድ ሜዳው፣ ማለት ጌጥ የሌለው ዙር፣ ወስፌው እየበሳ እጅ ብቻውን የሚሄድበት ነው። አለላው ገብቶ ጌጡ ሲጀመር ግን እያንዳንዱ ዙር ከበፊቱ ዙር ጋር ይቆጠራል፤ አንድ ቦታ ካለፈ ስሕተቱ እስከ ጠርዙ ድረስ እየሰፋ ይሄዳል። የበሰለች ሰፊ ሜዳውን ለጨዋታ ሰዓት ትተዋለች፤ ጌጡን ግን ለጠዋት ብርሃን ታቆየዋለች። ይህ የጊዜ አጠቃቀም ትምህርት ነው፤ በመጽሐፍ ስላልተጻፈ ብቻ አናሳንሰው።

አሁን ወደዛሬው ቤታችን እንምጣ። ቅዳሜን እንያት፤ አንድ ድፎና አንድ ዳንቴል ይዘን እንዋልባት።

ነገሩ የሚጀምረው ዓርብ ማታ ነው። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 20 ግራም ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ 650 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃና እንደየቤቱ ልማድ ጥቁር አዝሙድ። ይቦካል፣ ተሸፍኖ አንድ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆያል፣ ከዚያ ፍሪጅ ይገባል። እርሾው አነሰ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አላነሰም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ስለሆነ ሊጡ ውስጥ የሚፈጠረው ጋዝ በቀላሉ ይለጠጣል፤ ሊጥ ባሕር ዳርቻ ካለ ከተማ ይልቅ እዚህ ቶሎ ኩፍ ይላል። በባሕር ወለል ላይ ለሚኖር ሰው የተጻፈ የዳቦ አሠራር «ሁለት ሰዓት ይቆይ» ሲል እዚህ ሁለት ሰዓት ከጠበቅን ሊጡ አልፎበት፣ ላልቶ ልናገኘው እንችላለን። ውሃም እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ በእንፋሎት የሚበስለው ኅብስት ከመጽሐፉ ሰዓት በላይ እሳት ላይ የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ቅዝቃዜና ጥቂት እርሾ ሊጡን ያዘገዩታል፤ የዘገየ ሊጥ ደግሞ ጣዕሙም ይሻላል፣ እኛንም አያጣድፍም።

ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ማታ ፍሪጅ የገባ ሊጥ ጠዋት 1 ሰዓትም ወጣ 3 ሰዓት አይቀየምም። ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ከተሄደ፣ ለቅሶ ከተነገረ፣ ሊጡ ይጠብቃል። ኑሯችን እንደዚህ ነው፤ ቅዳሜያችን የኛ ብቻ አይደለችም። ስለዚህ በሰዓት የሚያስገድድ ሳይሆን የሚታገሥ አሠራር መምረጥ ይገባናል።

ጠዋት ሊጡ ወጥቶ፣ ኮባ በተነጠፈበት መጋገሪያ ተደፍቶ፣ ኮባው ከላይም ታጥፎ ይሸፈናል። ቅዝቃዜው ለቆት ኩፍ እስኪል ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህች ሁለት ሰዓት ውድ ናት። ማንም የማይጠራን፣ ምድጃው የማይፈልገን፣ ብርሃኑም የቀን ብርሃን የሆነበት ጊዜ ነው። የሚቆጠረው ሥራ የሚነሣው አሁን ነው፤ የዳንቴሉ አበባ፣ የሹራቡ አንገት፣ የጥልፉ ማእዘን። የክር ቀለም መምረጥም አሁን ነው፤ በአምፖል ብርሃን አንድ መስለው የታዩ ሁለት ቀዮች ጠዋት መስኮት አጠገብ ሲያዩዋቸው ለየቅል ሆነው ይገኛሉ።

ሊጡ መድረሱን በሰዓት አትወቁት። ጣታችሁን ውሃ ነክራችሁ ጎኑን ጫን በሉት። ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፤ ወደ ዳንቴላችሁ ተመለሱ። ቀስ ብሎ ግማሽ ድረስ ከተመለሰ ደርሷል። የጣታችሁ ጉድጓድ እንዳለ ከቀረ ግን አልፎበታልና ቶሎ ወደ እሳት ይግባ። ይህን ምርመራ የሚያውቅ ሰው ግድግዳ ሰዓት እያየ አይጨነቅም፤ አእምሮው ለእጅ ሥራው ይተርፋል።

እሳት ላይ ከወጣ በኋላ ያለው ሰዓት ሌላ ጠባይ አለው። የዚህ መጠን ድፎ አንድ ሰዓት ገደማ ይበስላል፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ግን ሽታውን መስማት፣ ላዩን ማየት፣ ማዞር አለ። ስንነሣ ስንቀመጥ ነው። በዚህ ሰዓት የሚቆጠር ሥራ አይያዝ። ቀጥ ብሎ የሚሄደው የሹራብ ጀርባ፣ ሜዳው ሰፌድ፣ ክር መጠቅለል፣ ቁልፍ መትከል ይያዝ። ብዙ ሰው ትርፍ ሰዓትን በርዝመቷ ብቻ ይለካል። እኔ ግን የምትቆራረጥ ናት ወይስ የማትቆራረጥ ብዬ አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ሃያ ደቂቃ ያልተቆራረጠች ጊዜ ለዳንቴል አበባ ትበቃለች፤ እየተነሡ የሚቀመጡባት ሁለት ሰዓት ግን አትበቃም።

ስለ ንጽሕና አንድ ቃል ልበል። ነጭ ክር ቅቤና ዘይት ከነካው ታጥቦም ጥላው ይቀራል። የእጅ ሥራው ክዳን ባለው ዕቃ ወይም በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ፤ ማእድ ቤትም አይግባ። እጅ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከዚያ ክር ይነካ።

መብራትም ይሄዳል። ሊጡ ፍሪጅ ውስጥ ከሆነና በሩ ካልተከፈተ ለሰዓታት አይሰጋም። ዳቦው ግማሽ ላይ ከሆነ ግን ከሰል የተዘጋጀለት ቤት ያተርፈዋል፤ ድፎ ዱሮም በምጣድ ላይ፣ እሳት ከታችም ከላይም ተደርጎለት የሚበስል ነበርና። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ያሉ ዘመዶቻችን መብራቱ ባያስቸግራቸውም ኮባው ይቸግራቸዋል፤ በሙዝ ቅጠል ወይም በመጋገሪያ ወረቀት ይተኩታል። ከእኛ ዝቅ ባለ ቦታ ስለሚኖሩ የሊጡ ሰዓትም ይለያል፤ እዚህ ካለው ቤተሰብ በስልክ የተነገራቸውን ሰዓት እንዳለ እንዳይከተሉ ንገሩልኝ።

ስንት ሥራ አብሮ ይያዝ ለሚለው ጥያቄ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው። የሚቆጠር ሥራ አንድ ብቻ። እጅ ብቻ የሚጠይቀው ሁለትም ሦስትም ቢሆን ግድ የለም። የሚጠበቀው፣ እንደ ሊጥ፣ እንደ እርሾ፣ እንደ ጥንስስ ያለው፣ ቤቱ የቻለውን ያህል ይሁን። ሁለተኛ የሚቆጠር ሥራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ካለቀ በኋላ ነው። አዲስ ንድፍ ሲታይ ልብ መሻቱን አውቃለሁ። ንድፉ ይቀመጥ፤ የትም አይሄድም።

ተቋርጦ የሚቆይ ሥራ ካለ ደግሞ ያለ ወረቀት አይቀመጥ። በቁራጭ ወረቀት ላይ የኪሮሹ ቁጥር፣ የክሩ ዓይነት፣ የተደረሰበት ዙር ተጽፎ ከሥራው ጋር ይታሰር። እጅ ከወር ወር ይለዋወጣል፤ አንድ ሰሞን ያጠብቃል፣ አንድ ሰሞን ያላላል። ከቆየ በኋላ በቀጥታ የተቀጠለ ዳንቴል መሀሉ ላይ ወገብ ያበጃል፤ አንጥፈን ስናየው አይተኛም። ከመቀጠል በፊት በትርፍ ክር ጥቂት ዙር ሠርቶ እጅን ከአሮጌው ሥራ ጋር ማስተያየት ይህን ያድናል። ክሩንም መርካቶ ሄዳችሁ ስትገዙ ለሥራው የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ግዙ። ያው ቁጥር፣ ያው ስም ያለው ክር ሌላ ጊዜ ከተነከረ ቀለሙ ይለያል፤ ሻጩ ቢምልላችሁም ይለያል።

ቀነ ገደብን በተመለከተ ባህላችን የታደለ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን ሁላችንም እንላለን፤ ወደ ኋላ የምንቆጥርበት ግን ጥቂቶች ነን። ጥምቀት ጥር 11 ነው። ቀሚሱ ከዚያ በፊት ጥልፉ ማለቅ አለበት፤ ጥልፉ ከመጀመሩ በፊት ሸማኔው መጨረስ አለበት፤ ሸማኔው እንዲጀምር ድርና ማጉ መድረስ አለበት። በመሀል ደግሞ ገና ታኅሣሥ 29 ይመጣል። ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ብቻ ነው፤ ገና ራሱ ድፎ፣ ጠላና እንግዳ አለው። ስለዚህ ለጥምቀት የታሰበ የእጅ ሥራ እውነተኛ ቀነ ገደቡ ከገና በፊት ነው። የክረምቱም እንዲሁ ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው፤ ሙልሙሉ ሆያ ሆዬ እያሉ ለሚመጡት ልጆች መድረስ አለበት። ቡሄ በፍልሰታ ጾም ውስጥ ስለሚውል ሙልሙሉ ወተትም ቅቤም እንቁላልም የለበትም፤ ሊጡ ቀላል ነው፤ ነገር ግን በነሐሴ ብርድ ኩፍ ለማለት ይዘገያል። ከዚያ እስከ እንቁጣጣሽ 23 ቀን አለ፤ ጳጉሜን ስድስት ስትሆን 24። ዝናብ ቤት የሚያስቀምጥበት ይህ ጊዜ ለእጅ ሥራ ከዓመቱ ሁሉ የተመቸ ነው። አዲስ ሥራ መጀመር ያማራችሁ እንደሆነ ከቡሄ ማግስት ጀምሩ።

በዓላቱ የቀን ገደብ ብቻ ሳይሆኑ ዕረፍትም ናቸው። በብዙ ቤት እሑድና በወርኃዊ በዓላት ቀን እንዝርት አይነሣም። ይህን እንደ እንቅፋት የሚያዩት አሉ፤ እኔ እንደ ጸጋ አየዋለሁ። እጅም፣ ዓይንም፣ ትከሻም ማረፍ አለባቸው። ዕረፍት የሌለው የትርፍ ጊዜ ሥራ ሁለተኛ መሥሪያ ቤት ይሆናል።

አሁን የሚከብደውን ላንሣ። ትርፍ ጊዜ ከየት ይመጣል? በ2005 ዓ.ም. የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በሀገራችን የጊዜ አጠቃቀም ላይ ጥናት አካሂዶ ነበር። ሁላችን በቤታችን የምናውቀውን በቁጥር አሳየ፤ ክፍያ የሌለውን የቤት ውስጥ ሥራ አብዛኛውን የሚሸከሙት ሴቶች ናቸው። እስካሁን የነገርኳችሁ ዘዴ ሁሉ፣ የፍሪጁ ሊጥም የወረቀቱ ማስታወሻም፣ ምንም ሰዓት ለሌላት ሴት ምንም አይፈይድም። ወንድሞቼ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ዳንቴሉ ያምራል ማለት ብቻ አይበቃም። ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፤ ዕቃ እጠቡ፤ አስቤዛውን እናንተ ግዙ። የምትለቋት ሁለት ሰዓት ያቺ ሊጡ ኩፍ የሚልባት ያልተቆራረጠች ሰዓት ትሁን። ከቻላችሁም ሊጡን እናንተ አቡኩት፤ ጡንቻ ያለው ክንድ ለሊጥ ደግ ነው።

ብቻ መሥራትም አያስፈልግም። የሐረርን ጌ ጋር፣ ማለት ባህላዊውን የሐረሪ ቤት፣ ያየ ሰው ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ስፌቶች አይረሳም። ያን ሁሉ የሐረሪ ሴቶች የሚሰፉት ብዙ ጊዜ ተሰባስበው፣ እየተጫወቱ፣ ትንንሾቹ ከትልልቆቹ እየተማሩ ነው። ብቻዋን የምትሠራ ሰው አንድ ዙር ሲበላሽባት ትጥለዋለች፤ አጠገቧ ሌላ ሰው ካለች ይፈታና ይቀጠላል። በየሰፈራችን፣ በየኮንዶሚኒየሙ፣ በወር አንድ ቅዳሜ አንድ ቤት ብንሰበሰብ ምን ይከለክለናል? ባለቤቷ ዳቦውን ትጋግር፣ እንግዶቹ የእጅ ሥራቸውን ይዘው ይምጡ። እቁብና ማኅበር ማደራጀት ለሚያውቅ ሕዝብ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ሥራው ገና ሳያልቅ «ለምን አትሸጪውም?» ይባላል። መሸጥ ክቡር ነገር ነው፤ ብዙ እናቶች በእንጀራና በጥልፍ ልጅ አስተምረዋል። ሆኖም ሁሉ ነገር ለገበያ መሠራት የለበትም። ለልጅ የተሠራ ሹራብ፣ ለጎረቤት የተላከ ሙልሙል፣ ለሙሽራ የተሰፋ ሙዳይ ዋጋ ሳይቆረጥላቸው ቢቀሩ አይከስሩም። የትርፍ ጊዜ ሥራ ሁሉ ንግድ ከሆነ ትርፍ ጊዜ የሚባል ነገር አይኖረንም።

ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። የተጀመረውን ሥራ ሁሉ ከቁም ሣጥን አውጡና አልጋ ላይ ዘርጉት። ከሚቆጠሩት አንዱን ምረጡ፤ ሌሎቹን ከነወረቀታቸው ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። መቼም እንደማትጨርሱት የምታውቁት ካለ ክሩን ፍቱትና ለሌላ ሥራ አውሉት፤ ወይም ለሚጨርስ ሰው ስጡት፤ ነውር የለውም። ዓርብ ማታ ሊጡን አቡኩ። ቅዳሜ ጠዋት መስኮት አጠገብ ወንበር አስቀምጡ። ስንገናኝም ያለቀውን ሥራችሁንና አንድ ድፎ ይዛችሁ ኑ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን።